ጉበት ላይ ስብ ተገኘ፤ ቀጥሎስ?

በአዲስ አበባ የግል ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች ለጠቅላላ ምርመራ ጎራ ብለው የሆድ አልትራሳውንድ ከሚታዩ ሰዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት፣ ይዘውት በሚወጡት ወረቀት ላይ «ፋቲ ሊቨር» የሚል ቃል ሰፍሮ ያገኙታል። በአንዳንዱ ወረቀት ላይ «ግሬድ አንድ»፣ በሌላው ላይ «ግሬድ ሁለት» የሚል ይጨመርበታል። አብዛኞቹ ለምርመራ የሄዱት ለሌላ ጉዳይ ነው፤ መሥሪያ ቤታቸው በየዓመቱ የሚያስደርገው ምርመራ ደርሶባቸው፣ ለኢንሹራንስ ተጠይቀው፣ ወይም እንደ ብዙው የከተማችን ነዋሪ «ጨጓራዬን» ብለው።

ወረቀቱን የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ጉበቱ ያለቀለት መስሎት እንቅልፍ ያጣል፤ ከሚያውቀው ሰው ሁሉ ምክር ይሰበስባል፤ «ጉበት ያጸዳል» የተባለውን ሁሉ ይጠጣል። ወይ ደግሞ «ይሄማ የማን ጉበት ላይ የለም?» ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይከትና ይረሳዋል።

ሁለቱም የሚሳሳቱት በአንድ ምክንያት ነው። ወረቀቱ ያልመለሰላቸውን ጥያቄ እንደመለሰላቸው ቆጥረውታል። አልትራሳውንዱ የተናገረው ጉበት ላይ ስብ መኖሩን ብቻ ነው። የሰውየውን ዕጣ በዋነኛነት የሚወስነው ግን የስቡ ብዛት አይደለም፤ ስቡ ጉበቱን አቁስሎ ጠባሳ ማስቀረት አለማስቀረቱ ነው። ተራው አልትራሳውንድ ደግሞ ጠባሳው እጅግ ካልገፋ በስተቀር አያየውም። በመሆኑም ግሬድ ሦስት ስብ ኖሮት ምንም ጠባሳ የሌለው ሰው አለ፤ ግሬድ አንድ ተብሎ ጉበቱ ወደ ሲሮሲስ የተቃረበም አለ። እንዲያውም ጠባሳው ሲበረታ ስቡ እየቀነሰ ሊሄድ ስለሚችል፣ «ስቡ ቀነሰ» የሚል ወረቀት ብቻውን ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም።

ጤናማ ጉበት ውስጥ ያለው ስብ በጣም ጥቂት ነው። ስብ ያዘሉት የጉበት ሕዋሳት ከመቶ 5 እጅ ሲያልፉ ሐኪሞች «ስብ አለ» ይላሉ። አልትራሳውንድ ግን ይህን ያህል ስውር ነገር የማየት አቅም የለውም፤ በእርግጠኝነት ማሳየት የሚጀምረው ስቡ ከመቶ 20 እስከ 30 እጅ ሲደርስ ነው። ባለሙያው የሚያደርገው የጉበቱን ንጣት አጠገቡ ካለው ኩላሊት ጋር ማነጻጸር ነው። ጉበቱ ከኩላሊቱ ይበልጥ ካበራ ስብ አለ ይባላል። ምን ያህል አበራ የሚለው በዓይን ግምት የሚሰጥ ፍርድ ስለሆነ ያው ሰው ዛሬ በአንዱ ቤት «ግሬድ አንድ»፣ በሳምንቱ በሌላው ቤት «ግሬድ ሁለት» ቢባል ሊደንቀን አይገባም። በሽታው በሳምንት ውስጥ አልገፋም፤ የተለወጠው ያየው ዓይንና መሣሪያው ነው።

በሽታው ስም ያገኘው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ዩርገን ሉድቪግና ባልደረቦቻቸው 20 ሕሙማንን የተመለከተ ጽሑፍ አሳተሙ። የእነዚህ ሰዎች ጉበት ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ የጠጪ ጉበት ይመስላል፤ ሰዎቹ ግን ጠጪዎች አልነበሩም። ብዙዎቹ ወፍራም ነበሩ፤ የስኳር ሕመም ያለባቸውም ነበሩባቸው። ከዚያ በኋላ ለአራት ዐሥርት ዓመታት «አልኮል ያላመጣው የጉበት ስብ» እየተባለ ሲጠራ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ዓለም አቀፍ የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት ስሙን ለወጡት። አዲሱ ስያሜ በሽታውን የሚያውቀው ከምን እንዳልመጣ ሳይሆን ከምን እንደመጣ በመናገር ነው፤ «ከሜታቦሊዝም መዛባት ጋር የተያያዘ የጉበት ስብ በሽታ» እንደማለት ነው።

የስም ለውጡ የቃላት ጨዋታ ቢመስልም ለታማሚው ጥቅም አለው። አሁን በሽታው አለ ለማለት ጉበት ላይ ስብ መታየቱ ብቻ አይበቃም፤ ከአምስት ነገሮች ቢያንስ አንዱ አብሮ መገኘት አለበት። እነሱም፦ የክብደትና የቁመት ምጣኔው 25ና ከዚያ በላይ የሆነ ወይም የወገብ ዙሪያው ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ያለፈ፤ ምግብ ሳይበላ የተለካ የደም ስኳሩ 100ና ከዚያ በላይ የሆነ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት፤ የደም ግፊቱ 130 በ85 የደረሰ ወይም መድኃኒት የሚወስድ፤ ትራይግሊሰራይዱ 150ና ከዚያ በላይ የሆነ፤ ጥሩ የሚባለው የኮሌስትሮል ዓይነት ደግሞ ለወንድ 40፣ ለሴት 50ና ከዚያ በታች የወረደ ናቸው። ቢሮ ተቀምጦ የሚውል፣ በመኪና የሚመላለስና ቦርጭ ያወጣ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ከአምስቱ አንዱን ለማሟላት ብዙ አይቸገርም። ከምርመራዎቹ ሁሉ ርካሹ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው።

«እኔ ጿሚ ነኝ፤ ሥጋ በዓመት ስንት ቀን በላሁ? ስብ ከየት መጣ?» የሚሉ አሉ። ጉበት ስብ የሚሠራው ቅቤና ጮማ ሲገባለት ብቻ አይደለም። ከሚያስፈልገው በላይ የሆነውን ስኳርና ስታርችም ወደ ስብ ይለውጠዋል። ጾሙ በፓስቲ፣ በቦምቦሊኖ፣ በነጭ ዳቦና በለስላሳ መጠጥ ካለፈ ጉበት ከፍስኩ ብዙም አይለየውም።

ለመሆኑ ምን ያህል ያሰጋል? ስቡ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ በጉበት በሽታ አይሞቱም። ጥቂቱን ግን ስቡ ያቆስላቸዋል፤ ቁስለቱ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ከዜሮ እስከ አራት ደረጃ ይቆጠርለታል፤ አራተኛው ሲሮሲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በጉበት ናሙናዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ እንዳመለከተው፣ ጠባሳው አንድ ደረጃ ለመጨመር ቁስለት በሌለበት ጉበት ላይ በአማካይ 14 ዓመት፣ ቁስለት ባለበት ደግሞ 7 ዓመት ያህል ይወስዳል። ዝግ ያለ በሽታ ነው። ችግሩ ዝግታው ውስጥ ሕመም አለመኖሩ ነው። ጉበት አያምም ማለት ይቻላል፤ ሆድ ውኃ ቋጥሮ፣ ዓይን ቢጫ ሆኖ ወይም ደም አስታውኮ ሆስፒታል የሚደርስ ሰው ጠባሳው የጀመረው ከዐሥራ አምስት ወይም ከሃያ ዓመት በፊት ሊሆን ይችላል። ለምርመራ ያበቃዎት የሆድ ማቃጠል ደግሞ ከጉበቱ ስብ ጋር ዝምድና ላይኖረው ይችላል፤ ሁለቱ በአንድ ቀን አንድ ወረቀት ላይ መገናኘታቸው ዘመድ አያደርጋቸውም።

ወደ ጠባሳው ፍለጋ ከመግባታችን በፊት በእኛ አገር ፈጽሞ ሊዘለል የማይገባው አንድ ነገር አለ። ስብ ታየ ማለት ሌላ የጉበት በሽታ የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶችን ያሰባሰበ ዘገባ የሄፓታይተስ ቢ ሥርጭትን ከመቶ 7.4፣ የሄፓታይተስ ሲን ደግሞ ከመቶ 3.1 አድርሶታል። ይህ ማለት ስብ ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል ቫይረሱም ያለባቸው በርከት ብለው ይገኛሉ። የሁለቱ ቫይረሶች ምርመራ በትንሽ ደም የሚሠራና በየክሊኒኩ የሚገኝ ነው። ሆኖም ስቡ ላይ ዓይን ሲያርፍ ምርመራው ሳይታዘዝ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ሐኪሙ ካላነሣው እርስዎ ያንሡት።

ስለ መጠጥ በእውነት መናገርም የምርመራው አካል ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ የአልኮል መጠኑ ከመቶ 5 የሆነ አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። በአዲሱ አከፋፈል መሠረት በሳምንት ከ210 ግራም በላይ የሚጠጣ ወንድ፣ ማለትም 16 ጠርሙስ አካባቢ፣ እንዲሁም ከ140 ግራም በላይ የምትጠጣ ሴት፣ ማለትም 11 ጠርሙስ አካባቢ፣ በሽታቸው የሜታቦሊዝም ብቻ ነው ሊባል አይችልም፤ አልኮሉም እጁ አለበት። ይህ የተፈቀደ መጠን ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ ስሙን ለመለየት የተሠመረ መሥመር ነው። አረቄና ጠጅ የሚጠጣ ሰው ሒሳቡ ይበልጥ ያስቸግረዋል፤ የቤቱ ዓይነት ጥንካሬውን ይለውጠዋልና። «ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው» የምትለው መልስም ሐኪሙን አታግዘውም፤ ስንት ነው የሚለውን ንገሩት።

ጫትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 «ሄፓቶሎጂ» በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመና በሐረር ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት፣ ጫት መቃም ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ የመጋለጥ ዕድልን እንደሚጨምር፣ አደጋውም ከሚቃመው መጠን ጋር አብሮ እንደሚያድግ አመልክቷል። ከመድኃኒቶች ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሚወሰዱ ስቴሮይዶች፣ ሜቶትሬክሴት፣ ታሞክሲፈንና አሚዮዳሮን ጉበት ላይ ስብ ሊያከማቹ ይችላሉ። ከዚህ ሁሉ በተጨማሪ በየጓዳው የሚጠጣው የባህል መድኃኒት ይኖራል። ሐኪም ሳይጠይቅዎት አይንገሩ የሚል ሕግ የለም።

አሁን ወደ ደም ምርመራው እንምጣ። በተለምዶ «የጉበት ፈንክሽን» ተብሎ በሚታዘዘው ወረቀት ላይ ከላይ ተቀምጠው የሚታዩት ሁለቱ፣ ኤስ ጂ ኦ ቲ እና ኤስ ጂ ፒ ቲ ናቸው። አንዳንድ ላቦራቶሪዎች ኤ ኤስ ቲ እና ኤ ኤል ቲ ይሏቸዋል፤ የመጀመሪያው ከመጀመሪያው፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው ጋር አንድ ነው። ስማቸው ያሳስታል። ሁለቱም ጉበት ምን ያህል እንደሚሠራ አይለኩም፤ የጉበት ሕዋሳት ሲጎዱ ወደ ደም የሚፈስሱ ኤንዛይሞች ናቸው። የጉበትን ሥራ የሚናገሩት አልቡሚን፣ ቢሊሩቢንና የደም መርጊያ ጊዜ ናቸው፤ እነሱ የሚዛቡት ደግሞ ብዙ ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

ኤንዛይሞቹ ደኅና ሆነው መገኘታቸው ብዙ ሰው የሚጽናናበት ነገር ነው። ጉበታቸው ላይ ስብ፣ አልፎም ጠባሳ ያለባቸው ሰዎች ግን ኤንዛይማቸው «ኖርማል» ሊሆን ይችላል። አንደኛው ምክንያት ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙበት ጣሪያ ከፍ ማለቱ ነው። ብዙዎቹ 40 ወይም 45 ድረስ ያለውን እንደ ጤነኛ ያትሙታል፤ የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ ግን ለኤስ ጂ ፒ ቲ ትክክለኛው ጣሪያ ለወንድ ከ29 እስከ 33፣ ለሴት ከ19 እስከ 25 ባለው ውስጥ እንደሆነ ገልጿል። ሌላው ምክንያት ጠባሳው እየገፋ ሲሄድ ኤስ ጂ ፒ ቲ ራሱ መውረዱ ነው። የሚቃጠል ነገር ሲያልቅ እሳቱም ይበርዳል።

ታዲያ ጠባሳውን በምን እናገኘዋለን? መልሱ ብዙ ሰው ቀድሞውኑ በእጁ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤች አይ ቪና ሄፓታይተስ ሲ አብረው ለያዟቸው ሰዎች ታስቦ የወጣ፣ «ፊብ ፎር» የተባለ ቀመር አለ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የጉበት ስብ ላለበት ሰው የመጀመሪያው ማጣሪያ ሆኗል። የሚጠይቀው አራት ቁጥሮችን ነው፤ ዕድሜ፣ ኤስ ጂ ኦ ቲ፣ ኤስ ጂ ፒ ቲ እና ፕላትሌት። ሦስቱ ከተራው የጉበት ምርመራና ከሲ ቢ ሲ ወረቀት ይገኛሉ። ተጨማሪ ደም አይቀዳም፤ ተጨማሪ ብርም አይከፈልም።

አሠራሩ ይህ ነው። ዕድሜን በኤስ ጂ ኦ ቲ ያባዙ። ይህን ለብቻ ይያዙት። ቀጥሎ የኤስ ጂ ፒ ቲን ስኩዌር ሩት ያውጡና በፕላትሌቱ ያባዙ፤ ፕላትሌቱ በሺህ ይቆጠራል፣ 250,000 ከሆነ 250 ብለው ይጠቀሙ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ። የሞባይል ስልክዎ ካልኩሌተር ይበቃል።

በምሳሌ እንየው። አንድ የ41 ዓመት ሰው ኤስ ጂ ኦ ቲው 28፣ ኤስ ጂ ፒ ቲው 49፣ ፕላትሌቱ 250 ነው እንበል። ወረቀቱ ላይ ኤስ ጂ ፒ ቲው አጠገብ «ከፍተኛ» የሚል ምልክት አለ፤ ሰውየው ተጨንቋል። ቀመሩ የሚሰጠው 0.66 ነው። ከ1.3 በታች ስለሆነ የገፋ ጠባሳ የመኖር ዕድሉ አነስተኛ ነው። አሁን ደግሞ የ58 ዓመት ሴት እንውሰድ። ኤስ ጂ ኦ ቲዋ 39፣ ኤስ ጂ ፒ ቲዋ 25፣ ፕላትሌቷ 150። አንዱም ቁጥር አጠገብ ምልክት የለም፤ ሁሉም «ኖርማል» ውስጥ፣ ግን ጠርዝ ላይ ናቸው። «ምንም የለብሽም» ተብላ ልትሸኝ ትችላለች። ቀመሩ ግን 3.0 ይላል። ከ2.67 በላይ ማለት ነው፤ ይህች ሴት ሳትዘገይ የጉበት ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለባት። ምልክት የበዛበት ወረቀት የያዘው ሰው ምንም ምልክት ከሌለበት ወረቀት ባለቤት ይልቅ የተሻለ ሁኔታ ላይ ነው። አራቱን ቁጥሮች በየብቻ ማንበብና አንድ ላይ ማንበብ እንዲህ ይለያያል።

ቀመሩ ለምን ይሠራል? ጠባሳ የበዛበት ጉበት ደም በቀላሉ አያሳልፍም፤ ደሙ ወደ ኋላ ተመልሶ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ያበጠ ጣፊያ ደግሞ ፕላትሌትን ይይዛል። ጉበት ራሱም ፕላትሌት እንዲመረት የሚያዝዘውን ንጥረ ነገር እንደ ቀድሞው አያመነጭም። በዚያው ልክ ኤስ ጂ ኦ ቲ ከኤስ ጂ ፒ ቲ መብለጥ ይጀምራል። ዕድሜ የገባው ጠባሳ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው።

ከ1.3 እስከ 2.67 ባለው ውስጥ የሚወድቁ ብዙ ናቸው። ለምሳሌ 52 ዓመት፣ ኤስ ጂ ኦ ቲ 48፣ ኤስ ጂ ፒ ቲ 64፣ ፕላትሌት 180 ቢሆን ውጤቱ 1.73 ነው። ይህ «አለ»ም «የለም»ም አይደለም፤ ሁለተኛ ምርመራ ያስፈልጋል ማለት ነው። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆኑ ሰዎች የታችኛው መሥመር 2.0 ይሆናል፤ ያለበለዚያ አዛውንቱ ሁሉ በዕድሜው ብቻ ይታሰራል። ከ35 ዓመት በታች ላሉ ወጣቶች ደግሞ ቀመሩ እምነት የሚጣልበት አይደለም።

ይህ ቀመር በውጭ አገር መጻሕፍት ላይ የማይሰፋ፣ ለእኛ ግን የግድ የሆነ ማሳሰቢያ አለው። ፕላትሌትን የሚያወርደው የጉበት ጠባሳ ብቻ አይደለም። ወባ ያወርደዋል። ትኩሳት ያለባቸው ሌሎች ሕመሞችም እንዲሁ። ወባ ታመው ከተነሡ በሳምንቱ በተሠራ ሲ ቢ ሲ ቀመሩን አስልቶ መደንገጥ ከንቱ ድካም ነው፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ መድገም ይገባል። ልጅነታቸውን ቢልሃርዚያ ባለባቸው ሐይቆችና ወንዞች ዳር ያሳለፉ ሰዎች ደግሞ በዚያ ምክንያት ጣፊያቸው አብጦ ፕላትሌታቸው ሊወርድ ይችላል። ይህን ለሐኪም መናገር ጠቃሚ ነው። ከባድ ስፖርት በሠሩ ማግስት ደም መስጠትም ኤስ ጂ ኦ ቲን ከፍ ያደርገዋል፤ ኤንዛይሙ በጡንቻም ውስጥ ይገኛልና።

ሁለተኛው ምርመራ የጉበትን ጥንካሬ የሚለካው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ከመሣሪያዎቹ በአንዱ ስም፣ ፋይብሮስካን ተብሎ ነው። አልትራሳውንድ ይመስላል፤ አልጋ ላይ ተጋድመው ቀኝ እጅዎን ከራስዎ በላይ ያደርጋሉ፤ ባለሙያው የመሣሪያውን ጫፍ በጎድን አጥንቶችዎ መካከል ያሳርፋል። ቀላል ኩርኩም የመሰለ ንዝረት ይሰማዎታል። ንዝረቱ በጠነከረ ጉበት ውስጥ ፈጥኖ፣ ለስላሳ በሆነው ውስጥ ዘግይቶ ይጓዛል። ዐሥር ጊዜ ያህል ተለክቶ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። በአገራችን ይህ መሣሪያ በሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ላይ ጥሩ ሥራ ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና መርሐ ግብር የታማሚዎቹ የጠባሳ መጠን የተለካው በዚሁ ነበር።

ውጤቱ ሁለት ቁጥሮች አሉት። አንደኛው የስቡን መጠን ይገምታል፤ ሁለተኛው፣ በኪሎፓስካል የሚጻፈው፣ ጥንካሬውን ይናገራል። ዓይንዎን ሁለተኛው ላይ ያድርጉ። ከ8 በታች ከሆነ የገፋ ጠባሳ የለም ለማለት ያስደፍራል፤ ከ12 በላይ ከሆነ የመኖሩ ዕድል ከፍተኛ ነው፤ መካከል ያለው ሐኪም ያመዛዝነዋል። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ሦስት ሰዓት ምንም አለመብላት ያስፈልጋል። ቁርስ በልቶ የሄደ ሰው ጉበቱ ደም ስለሚበዛበት ከሆነው በላይ ጠንካራ መስሎ ይለካል፤ የልብ ድካም ያለበትና ኤንዛይሙ በጣም የጨመረ ሰውም እንዲሁ።

ኤም አር አይ ስብን በመለካት ወደር የለውም፤ ነገር ግን ለአብዛኛው ሰው የስቡን ልክ በትክክል ማወቅ ሕክምናውን አይለውጥም፤ ዋጋው ደግሞ ይታወቃል። ሲቲ ስካን ለዚህ ጉዳይ ብቻ ተብሎ አይታዘዝም። ባዮፕሲ፣ ማለትም በመርፌ ናሙና መውሰድ፣ ጥያቄው በሌላ መንገድ ሳይመለስ ሲቀር ወይም ሌላ የጉበት በሽታ ሲጠረጠር የሚደረግ ነው። እሱም ቢሆን እንከን አያጣውም፤ የሚወሰደው ከጉበቱ 50,000 እጅ አንዱ ያህል ነው።

ማን ይመርመር? የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት ሕዝቡ ሁሉ በአልትራሳውንድ ይታይ አይሉም። ቅድሚያ የሚሰጡት ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ላለባቸው ነው፤ በዓለም አቀፍ ግምት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጉበታቸው ላይ ስብ አለ። ቀጥሎ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ላለባቸውና ኤንዛይማቸው ደጋግሞ ከፍ ላለ። ስብ እንዳለበት የታወቀ ሰው በየስድስት ወሩ «ቀነሰ ወይ?» እያለ አልትራሳውንድ መነሣቱ ለክሊኒኩ ገቢ ካልሆነ ለእሱ እምብዛም አይጠቅመውም። ቀመሩን መድገም ይሻላል፤ የስኳር ሕመም ያለበት በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ፣ የሌለበት በየሁለት ወይም ሦስት ዓመቱ። ባንኮክ ወይም ሕንድ ለመሄድ ትኬት የሚቆርጡም ከመብረራቸው በፊት አራቱን ቁጥሮች ቢያሰሉ መልካም ነው።

የዚህ ሁሉ ምርመራ ሌላው ግማሽ ከጉበት ውጭ ነው። የጉበት ስብ ያለባቸው ሰዎች ከሁሉ በፊት የሚሞቱት በልብና በደም ሥር በሽታ ነው። ግፊቱ፣ ስኳሩና ኮሌስትሮሉ ሳይለካ «ጉበቱን መርምረናል» ማለት ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው።

መዳን ይቻላል ወይ ለሚለው፣ ስቡ ከክብደት 5 በመቶ ሲቀነስ ይሸሻል፤ ቁስለቱ ከ7 እስከ 10 በመቶ ሲቀነስ ይበርዳል፤ ጠባሳው 10 በመቶና ከዚያ በላይ ለቀነሱ ሰዎች ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 9 ኪሎ ማለት ነው። መካከለኛና ከፍ ያለ ጠባሳ ኖሯቸው ሲሮሲስ ላልደረሱ ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ሬስሜቲሮምን፣ በነሐሴ 2025 ሴማግሉታይድን ፈቅዷል። መድኃኒቶቹ ለማን እንደሚሰጡ የሚወሰነው በስቡ ግሬድ ሳይሆን በጠባሳው ደረጃ መሆኑን ያስተውሏል። ለቡና ወዳጆች አንድ ደስ የሚል ነገር፤ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበታቸው ላይ የሚገኘው ጠባሳ ዝቅ ያለ መሆኑን በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። ሦስት ማንኪያ ስኳሩን ግን አይጨምርም።

ምርመራው ሲሮሲስ ላይ ካደረሰ ነገሩ ይለወጣል። በዚህ ጊዜ አልትራሳውንድ በየስድስት ወሩ የግድ ይሆናል፤ የሚፈለገው ግን ስብ ሳይሆን ገና በለጋነቱ ሊያዝ የሚችል የጉበት ካንሰር ነው። የጉሮሮ ደም ሥሮች አብጠው እንደሆነ በኢንዶስኮፒ ይታያል፤ ጥንካሬያቸው ከ20 ኪሎፓስካል በታች፣ ፕላትሌታቸው ከ150,000 በላይ የሆኑ ግን ይህን ለጊዜው መዝለል ይችላሉ።

የሄፓታይተስ ቢ ምርመራቸው ነፃ ሆኖ የተገኘ ሰዎችም ከክሊኒኩ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ነገር ይቀራቸዋል። በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 በመሆኑ፣ ዛሬ ቢሮ የሚውለው አብዛኛው ሰው በልጅነቱ አላገኘውም። ክትባቱ በሦስት ዙር ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከአንድ ወር፣ ሦስተኛው ከስድስት ወር በኋላ።